ለካሳ የተቀመጡ ጎማዎች

ቅዳሜ ጠዋት ሠርኬ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ አፈላች፤ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በሻይ እያራሰች ቆማ በላች። ጠረጴዛው ላይ የአሥረኛ ክፍል የሥነ ሕይወት ፈተና ወረቀት ተከምሮ ስለነበር ለመቀመጥ አላሰበችም። ብርጭቆውን አለቀለቀች፤ ጥቁር ሹራቧን ደረበች፤ ግቢ ወጥታ የመኪናዋን ሸራ ገለጠች። ሸራው ላይ ተኝታ ያደረችው የጎረቤት ድመት ተቆጥታ ዘላ ወረደች። ሠርኬ የፊት መስታወቱን በጨርቅ ጠረገች፤ ሞተሩን አስነሣች፤ እስኪሞቅ ድረስ እየዞረች ጎማዎቹን አየች።

አራቱም ጥርሳቸው አልቋል። ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን መንገድ ገና ይሆናሉ፤ ለታሰበላቸው መንገድ ግን አይሆኑም። በሚመጣው ሳምንት የባሏ የካሳ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። ሠርኬ አዳማ እናቱ ዘንድ መሄድ አለባት፤ መሄድ የፈለገችውም በካሳ መኪና፣ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ነው።

መንገዱ ከተከፈተ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሲሠራ ካሳ በየጊዜው እየሄደ ያየው ነበር። ከማተሚያ ቤት ሥራው ወጥቶ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ሲመለስ፣ «ሠርኬ፣ ይቺ መንገድ ትለቅ እንጂ እናቴ ጋ ቁርስ በልተን እዚህ ለምሳ እንደርሳለን» ይላት ነበር። ከመንገዱ በፊት ኩላሊቱ ቀደመው። ባልደረቦቿ «ምን አስጨነቀሽ፣ በሚኒባስ ሂጂ» ሲሏት፣ «አዎ፣ ይሻላል» እያለች አለፈቻቸው። ለምን በመኪናው መሄድ እንደፈለገች ለማንም አልተናገረችም።

መኪናዋን አስነሥታ ወደ መርካቶ ወረደች። አትክልት ተራ አካባቢ ሽንኩርት የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተው ብዙ አቆሟት። የመብራት ምሰሶው ሁሉ የምርጫ ቅስቀሳ ምስል ተለጥፎበታል። ሲኒማ ራስን አልፋ ወረድ እንዳለች አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ መኪናዋን አቆመችና ወደ ጎማ ሱቆቹ በእግሯ ሄደች።

የካሳ ደንበኛ ጋሼ ጠሀ ነበሩ። ደንበኛ ማለት እንኳ ያንሳል። ካሳ ጎማ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም ቅዳሜ ረፋዱን የሚያሳልፈው እሳቸው ሱቅ ነበር። ጎማ በቆመበትና በተኛበት በዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው አጠገብ የራሱ መቀመጫ ነበረው፤ ያረጀ ጎማ በገመድ አስጠምጥሞ፣ ከላይ የበግ ቆዳ አስለብሶ፣ ምን አለሽ ተራ ያሠራው ነው። ካሳ ካረፈ በኋላም ጋሼ ጠሀ መቀመጫውን ከቦታው አላነሡም። ገዢ ደክሞት ሊቀመጥበት ሲል «ሰው አለው» ይላሉ።

«ሠርኬ!» አሉ ገና ከበሩ ሲያዩአት። «ሱብሃነላህ! መጥፋት እንዲህ ነው?»

«ሥራ ነው ጋሼ ጠሀ።»

«ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል! እኔ አርባ ዓመት ልጨርሰው ብዬ ይኸው እዚሁ ነኝ። ነይ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። የበጉ ቆዳ መሀሉ ላይ ተልጧል። ስለ አማቷ ጤና ጠየቋት፤ መለሰች። በአዲሱ መንገድ ልትሄድ እንዳሰበች ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። መሰላሉን ይዘው ወደ ቆጡ ወጡ። አንድ ጎማ ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ እያለከለኩ፣ ወርደው እግሯ አጠገብ አቆሙት።

ጎማው ጎን ላይ በነጭ ጠመኔ «ካሳ» ተብሎ ተጽፏል።

«ወንድሞቹ ሦስቱ ላይ ናቸው» አሉ። «ዕቃው የገባ ጊዜ ለካሳ ብዬ አስቀመጥኳቸው። አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ‹ጠሀ፣ ጎማዬ ገባ?› እያለ ይደውልልኝ ነበር። እሱን ደግሞ ጭቅጭቁን ታውቂዋለሽ!»

«አውቀዋለሁ» አለች ሠርኬ።

«እይው እንግዲህ። ስሙ የገነነው ያ ነው፤ ዋጋውን ከነገርኩሽ ትሸሻለሽ። ርካሹ ደግሞ ያ ጥግ ያለው ነው፤ ድንጋይ በይው። አያልቅም፤ ዝናብ ላይ ግን ሳሙና ነው። ይኼኛው መሀል ላይ ነው። ፋብሪካውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሥራው ግን ከገነነው አያንስም።» ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። «ለስላሳ ነው። ትንሽ ቶሎ ይበላል፤ አልዋሽሽም። ግን ለቤት መኪና፣ ለፍጥነት የተሠራ ነው። አስፋልቱ ቢግልም ይይዛል፤ ውሃ ቢተኛበትም ይይዛል። ፈረንጆቹ የበጋ ጎማ ነው የሚሉት።»

«ክረምት ሲገባስ?»

ጋሼ ጠሀ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መትተው ሳቁ። «ካሳም አንድ ቃል ሳይጨምር ይህንኑ ጠየቀኝ! በረዶ የሌለበትን ጊዜ ማለታቸው ነው አልኩት። አይ፣ አላመነኝም፤ ግማሽ ቀን ተከራከረኝ። እኛ አገር መንገድ ላይ በረዶ የት አለ? ዓመቱን ሙሉ የእኛ ነው!»

ሠርኬም ሳቀች። እዚህ ስትመጣ የምትፈልገው ይህን ነበር። በሌላው ቦታ ሁሉ ካሳ «ነፍሱን ይማረው» ሆኗል፤ ሰው ስሙን የሚያነሣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ግን ካሳ ገና ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይጨቀጭቃል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ ሻይ ያህል፣ እዚህ ጎማ ላይ ተቀምጣ ያንን ትሰማለች። ከዚህ ሌላ የምትሰማበት ቦታ የላትም።

ዋጋውን ጠየቀች። ነገሯት። ከያዘችው ይበልጣል፤ ግን ብዙ አይበልጥም። ሌላ ሱቅ ቢሆን ተከራክራ ታስቀንስ ነበር። እዚያ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ እንዴት ትከራከር? ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ጋሼ ጠሀ ነገሩ ገባቸው። ወደ በሩ ዞረው ጎረቤት ካለው ሻይ ቤት ሻይ እንዲመጣላት አዘዙ።

በዚያው ሰዓት አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ የጭነት መኪና ባለቤት ይመስላል፣ ገብቶ የባንኮኒው ጫፍ ላይ በክርኑ ተደገፈ። ጥቁር ልብሷን ከላይ እስከ ታች አየና ለጋሼ ጠሀ በዓይኑ «ማን ናቸው?» አለ።

ጋሼ ጠሀ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መሰላቸው።

«የካሳ ባለቤት ናት። ምስኪን! ብቻዋን ቀረች። ልጅ እንኳ አልተወላትም።»

ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ጋሼ ጠሀ ወደ እሷ ዞረው፣ በደግነት፣ «ስሚኝ ልጄ፣ ያለሽን ያህል ስጪኝ። የቀረው ይቅር፤ ለካሳ ብዬ ነው» አሏት።

ደግነታቸው እውነተኛ ነበር፤ ሠርኬም ታውቃለች። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ከቤቷ ደጃፍ መልሳዋለች። መምህራን ክፍል ውስጥ አላለቀሰችም። ዕድርተኞቹ ፊት አላለቀሰችም። «ምስኪን» የሚላት ሰው እንዳይኖር ብላ ጣሪያዋን ራሷ አስጠግናለች፤ መኪና መንዳት ተምራለች። አሁን ቃሉ ካሳ በሚስቅበት ሱቅ ውስጥ፣ ከማታውቀው ሰው ፊት ወደቀባት። ተነሣች።

«ባንክ ደርሼ ልምጣ።»

«ምን ባንክ አለው? አልኩሽ እኮ! ሻይሽ እየመጣ ነው።»

«አሁን እመለሳለሁ ጋሼ ጠሀ።»

ባንክ ውስጥ ለጎማ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም። ከሱቁ ስትወጣም ወደ ባንኩ አቅጣጫ እንኳ አልዞረችም። ወደ መኪናዋ ሄዳ ዝም ብላ ልትመለስ ነበር ያሰበችው፤ መንገዱን ተሻግራ ጥቂት እንደሄደች ግን አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ ከራሱ ሱቅ ደረጃ ላይ ጮኾ ጠራት።

«እትዬ! ጎማ ነው ባትሪ? ዓይንዎ ጎማ ጎማ ይላል!»

«ዓይኔ የሚለውን ደግሞ ከየት ሰማህ?»

«መርካቶ ነው የተወለድኩት እትዬ፤ እዚህ አፍ ዋሽቶ ዓይን ነው የሚናዘዘው። ሀያቱ እባላለሁ። ይግቡ፤ ማየት አይከፈልበትም።»

ገባች። ሀያቱ ወንበር በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ ሰጣት። ምን ዓይነት እንደምትፈልግ ጠየቃት። ሠርኬ የጎማውን ልክ ነገረችው። ከዚያ የጋሼ ጠሀን ቃል እንዳለ አወረደችው፤ ለስላሳ ይሁን፤ ሲግልም ውሃ ሲኖርም አስፋልት የሚይዝ፤ ስሙ የገነነው አይሁን፤ ድንጋዩም አይሁን፤ ፋብሪካው የእገሌ ይሁን።

ሀያቱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኧረ እትዬ! ጎማ ነጋዴ ነዎት እንዴ? እኔን ሊያባርሩኝ ነው የመጡት!»

ሠርኬ ጆሮዋ ጋለ። ዕውቀቱ የሰው ነበር፤ ገና በቅጡ ሳይቀዘቅዝ ነው ይዛው የተሻገረችው።

ሀያቱ ዋጋ ጠራ። ከጋሼ ጠሀ ያንሳል። ጥቂት ተከራከሩ፤ እሱ «ልጆቼን አያስቡም?» አለ፤ እሷ «ስንት ልጅ አለህ?» ብትለው «ገና አላገባሁም፤ ሲመጡ ግን ይበላሉ» አላት። በመጨረሻ በያዘችው ገንዘብ ተስማሙ። እዚህ ማንም ምስኪን አላላትም። እዚህ የምትገዛ ሴት ናት፤ በቃ። ለጥቂት ደቂቃ ቀለላት።

ሀያቱ ለተሸካሚው በአገጩ ምልክት ሰጠው። «መጋዘን ሄደህ አራቱን አምጣ።» ተሸካሚው በጓሮ በር ወጣ። ሠርኬ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች።

ሰውየው ሁለት ሁለት እያንከባለለ፣ በሁለት ዙር አራቱን አመጣቸው። አዲስ ናቸው፤ ጥቁረታቸው ያብለጨልጫል፤ ጎናቸው ግን እርጥብ ነው።

«ለምን ረጠቡ?» አለች።

«ተጠርገው ነው» አለ ተሸካሚው ላቡን እየጠረገ። «እኔ ልጥረግ ብላቸው ሽማግሌው እምቢ አሉ። በራሳቸው እጅ ነው አንድ በአንድ የጠረጉት።»

ሀያቱ አፈጠጠበት። ሠርኬ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጎማ በጣቷ ዳሰሰች። ከተቀረጹት ፊደሎች መካከል፣ ጨርቁ ያልደረሰበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጠመኔ ቀርቷል። የ«ሳ» አንድ እግር ነው።

«የት ነው መጋዘንህ?» አለችው።

ሀያቱ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ከአንቱ አልደብቅም። እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምንሠራው። የሌለኝን ከጎረቤት አመጣለሁ፤ እሱም የሌለውን ከእኔ ይወስዳል። ነጋዴ ለነጋዴ በገባበት ዋጋ ነው የሚሰጠው፤ እኔ ትንሽ ጨምሬ እሸጣለሁ። ዕቃው ያው ነው፤ ምንም አይጠራጠሩ። ‹ለማን ነው?› ተብሎ አይጠየቅም፤ የመርካቶ ደንብ ነው።»

«አልጠየቁም?» አለች ወደ ተሸካሚው ዞራ።

«ኧረ አልጠየቁም። በራቸው ላይ ቆመው ወደዚህ አዩ። ከዚያ ጨርቅና ውሃ አመጡ።»

ሠርኬ ቀና አለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ሰውና ጋሪ በሚተላለፍበት መካከል፣ የጋሼ ጠሀ ሱቅ ይታያል። ወፍራሙ ሰውዬ ሄዷል። ጋሼ ጠሀ ለብቻቸው ባንኮኒው ኋላ ቆመዋል። ባንኮኒው ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ፤ እንዳይቀዘቅዝ በሳህን ተከድኗል።

ማድረግ የሚገባት ነገር ግልጽ ነበር። «ይቅር» ብላ ሀያቱን ይቅርታ መጠየቅ፣ መንገዱን መሻገር፣ ያን ሻይ መጠጣት። ጋሼ ጠሀ ትርፋቸውን ብቻ አልነበረም የተዉት፤ ለካሳ ሁለት ዓመት ያስቀመጡትን በገባበት ዋጋ፣ ያውም በሌላ ሰው እጅ፣ ሰጥተዋታል፤ እንዳታፍርም የካሳን ስም ጠርገውላታል። ወይም እንዳታፍር ብለው አይደለም የጠረጉት። ምናልባት ጎማዎቹ ከእንግዲህ የካሳ ስላልሆኑ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምትችለው ስትሻገር ብቻ ነው። እግሯ እምቢ አላት።

«እትዬ፣ ጎሚስታው ይጠራ?» አለ ሀያቱ።

«ይጠራ» አለች ሠርኬ።

ገንዘቡን ሰጠችው። ጎሚስታው መኪናዋን እዚያው በቆመበት በክሪክ አንሥቶ አሮጌዎቹን ከቸርኬው እያላቀቀ አዲሶቹን አስገባ፤ ነፋ፤ ቡሎኑን አጠበቀ። ስትወጣ መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ስለነበር በጋሼ ጠሀ ደጅ ማለፍ ነበረባት። ዓይኗን ከፊቷ ካለው ሚኒባስ የኋላ መብራት ላይ ሳትነቅል አለፈች። ማንም አልጠራትም።

በሙት ዓመቱ ዋዜማ አዳማ ሄደች። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ያለው ዘበኛ ጎማዎቹን ጎንበስ ብሎ አይቶ በእጁ «እለፊ» አላት። መንገዱ ካሳ እንዳለው ነበር፤ ሰፊ፣ ልስልስ ያለ፣ ከብት የማይገባበት። ሞጆ ላይ ድንገት የግንቦት ዝናብ ወረደ። ከፊቷ ያለ አንድ መኪና ተንሸራቶ ጠርዙን ሊስት ሲል አይታ ፍሬን ረገጠች። መኪናዋ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወላገድ፣ ቀስ አለ። ጎማው ይዟል። ሠርኬ መሪውን ጨብጣ፣ በካሳ መንገድ፣ በካሳ ጎማ እየሄደች፣ ልትደሰት ሞከረች። ያ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ እየመጣ አላስቻላትም።

አማቷ እማማ ወለተ ማርያም መኪናዋን በእጃቸው ዳሰሱ። «ጎማ ቀየርሽለት?»

«አዎ እማማ።»

«ከጠሀ ነው የገዛሽው?»

ሠርኬ የመኪናውን በር ዘጋች። «ከእሳቸው ነው።»

ቃሉ ውሸት አልነበረም። ከውሸት ግን አይሻልም ነበር።

ስትመለስ እማማ ወለተ ማርያም አንድ ዘንቢል ፓፓያ ጫኑላት። «ይህን ለጠሀ ስጪልኝ። ልጄን አልጋው ድረስ እየመጣ የጠየቀው እሱ ነው። ከጓሮዬ ነው በይው።» ሠርኬ ዘንቢሉን ወጥ ቤት አስቀመጠችው። ሰኞ ፈተና ማረም ነበረባት። ማክሰኞ ስብሰባ ነበር። ቅዳሜ ራሷን አመማት። ፓፓያው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱን ሽታው ሞልቶት አገኘችው። አውጥታ ጣለችው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አትክልት ተራ ሄዳ ፓፓያ መረጠች። ሻጯ «ለበሽተኛ ነው?» ብትላት «አይደለም» አለቻት። ከጓሮ የተለቀመ እንዲመስል ትንንሹን አስመረጠች፤ በእማማ ወለተ ማርያም ዘንቢል ውስጥ አስገብታ ወደ ጋሼ ጠሀ ሱቅ ሄደች።

ጋሼ ጠሀ ሲያዩአት ከባንኮኒው ኋላ ተነሡ። «እንደምን አደሩ?» አሏት። አንቱ ብለዋት አያውቁም ነበር።

«የካሳ እናት ልከውልዎት ነው» አለች ዘንቢሉን ባንኮኒው ላይ አድርጋ። «ከጓሯቸው ነው።»

አንዱን አንሥተው አሸተቱት። ቀና ብለው አዩአት፤ ከዚያ መልሰው በቀስታ አስቀመጡት። ሙሉ ዕድሜያቸውን ከአትክልት ተራ አጠገብ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አላህ ይስጣቸው» አሉ።

ውጭ አንድ ጋሪ ገፊ «መንገድ! መንገድ!» እያለ አለፈ።

«ጎማው ያዘ?» አሉ ጋሼ ጠሀ።

«ያዘ። ሞጆ ላይ ዝናብ ነበር፤ ምንም አልተንሸራተተም።»

«አልሐምዱሊላህ። ጥሩ ጎማ ነው።»

ቀጥለው የሚናገሩትን ጠበቀች። ካሳ ይህን ቢሰማ ኖሮ እንዲህ ይል ነበር ይላሉ ብላ ጠበቀች። ጋሼ ጠሀ ባንኮኒው ላይ የነበረውን የአየር መለኪያ አንሥተው አቧራውን ጠረጉ።

«ጋሼ ጠሀ፣ ያን ቀን እኔ...»

«ኧረ ምንም አይደለም እመቤት» አሏት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ንግድ ነው። ሰው የተሻለው ጋ ይገዛል። ንግድ ነው።»

የተሻለው ቦታ ይህ እንደነበር ልትነግራቸው ፈለገች። ርካሽ ፈልጋ እንዳልሄደች፣ አንድ ቃል ሸሽታ እንደሄደች ልትነግራቸው ፈለገች። ያንን ለመናገር ግን ቃሉን መጥራት ነበረባት፤ እሱን ከጠራች ደግሞ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሁሉ እዚያው ባንኮኒ ላይ ይፈርሳል። «እሺ» አለች።

ጋሼ ጠሀ ከጓሮ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው አቀረቡላት። «ይቀመጡ እስኪ፤ ሻይ ይምጣ?»

«አመሰግናለሁ፤ እቸኩላለሁ።»

ስትወጣ ወደ ባንኮኒው አጠገብ አየች። አዲስ የገቡ የባትሪ ካርቶኖች እስከ ወገቧ ድረስ ተደርድረዋል። በገመድ የተጠመጠመው፣ የበግ ቆዳ የለበሰው የካሳ መቀመጫ የለም።